የሐኪምነት ዕጣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይወሰን

ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣

ሐኪም ነኝ። የሕክምና ትምህርት አመልካቾችን ቃለ መጠይቅ ካደረጉት አንዱ ሆኜ አውቃለሁ። ይህን የምጽፍልዎት ያኔ የሰጠሁት ነጥብ እስከ ዛሬ ስለሚከነክነኝ ነው።

አንዲት ልጅ ገብታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?» ስንላት ድምጿ ተቆራረጠ። ቀጥሎ የገባው ወጣት ወላጆቹ ሐኪሞች ናቸው፤ ጥያቄያችንን ሳንጨርስ መልሱ ተሰናድቷል። ተጨዋወትን፣ ከፍተኛ ነጥብም ሰጠነው። የለካነው ርኅራኄውን ሳይሆን እኛን መምሰሉን ነበር። ልጅቷ ስትወጣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘግታ ነበር። ቅጻችን ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት 150 ተማሪዎች መርጦ ከጨረሰ በኋላ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት 50 እንዲጨምር አዘዘው። የቀሩት አመልካቾች ከቃለ መጠይቁ በኋላ ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጣቸው ነበሩ፤ እነሱው ገቡ። ኋላ ሲነጻጸሩ በትምህርትም ሆነ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ከፊተኞቹ የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም።

ቃለ መጠይቅ ይቅር አልልም። የታመመ ሰው ሲናገር ማዳመጥ መቻልን የፈተና ውጤት አይነግረንም። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያስተዋወቁት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ጥናቱን ያሳተሙት መንገድ ግን አለ። አመልካቹ 10 ያህል ጣቢያዎችን ይዞራል፤ በየአንዳንዱ 8 ደቂቃ ገደማ ሲቆይ ሌላ ጠያቂ፣ ሌላ ጉዳይ ይጠብቀዋል። አንዱ ጋ ቢደናገጥ ሌላው ጋ ይክሳል፤ ያዳላ ጠያቂም ብቻውን ዕጣውን አይቆርጥም። ይህ መንገድ ብዙ ጠያቂዎች እንደሚያስፈልጉት አውቃለሁ። ብዙ ዓመት በሕሙማን ላይ የሚሠራን ሰው ለመምረጥ ግን አንድ ተጨማሪ ቀን አይበዛም።

ይህ እስኪሟላ ቢያንስ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ የወላጅ ሥራ አይጠየቅ፤ እያንዳንዱ ጠያቂም ከባልደረባው ሳይመካከር ነጥቡን ይጻፍ። ለሦስቱም በጀት አያስፈልግም፤ ከመጪው ቅበላ በፊት የእርስዎ መመሪያ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሐኪም