ባዶ ገጽ አልላክሁም

ቶሮንቶ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቀረውን ሰላምታ ለመጨረሻ ላቆየው፤ አሁን ልቤ አላስችል ብሎኛል። ባለፈው እሑድ አጎታችን ደውለው፣ «ለእህትህ ሠርግ የላክኸው ነገር በእኔ ስልክ ይከፈታል፤ እነርሱ ግን ነጭ ገጽ ብቻ ነው ያየነው ይላሉ» ሲሉኝ ከቆምሁበት መንቀሳቀስ አቃተኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስልኬን ያላነሣሽው ለካ ለዚህ ነው። እማዬም «ለአንድ እህቱ ሠርግ ባዶ ነገር ላከ» ብላ አለቀሰች አሉኝ።

እታለም፣ ባዶ አልላክሁም።

ለሠርግሽ ብዬ በሠራሁት የኢንተርኔት ገጽ ላይ አርባ ሦስት ፎቶግራፎች አሉ። ከአገር ስወጣ የአባባን አልበም ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ እናንተ ቤቱ ስላላችሁ ፎቶው ለእኔ ይሁን ብዬ ነበር። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታችን በ2016 ሲፈርስ ግን ቤቱም አልበሙም ከእናንተ እጅ እንደወጣ ገባኝ። ስለዚህ ከሥራ መልስ እየተቀመጥሁ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገባኋቸው። አባባ በራችን ላይ ቆመው ጣታቸውን ይዘሽ፤ ከጃንሜዳ ስንመለስ ነጭ ቀሚስሽ ጭቃ ነክቶት ስታለቅሺ፤ እማዬ በረንዳው ላይ ቡና ስትቆላ፣ ጭሱ ፊቷን ሸፍኖት። የእንጨቱ ደረጃ ሳይቀር አለ። ሦስተኛው እርከን ሲረገጥ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በእንቅልፌ ይሰማኛል።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። በአጎታችን ስልክ ከተከፈተ ገጹ አልጠፋም ማለት ነው፤ ችግሩ አራት ኪሎ በምትሠሪበት ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ፣ እዚያም አንቺ ገጽ በምትከፍቺበት ብራውዘር፣ በክሮም ውስጥ ብቻ ይሆናል ብዬ ገመትሁ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ማስታወቂያ እየበዛ ሥራ አስቸገረኝ ስትዪኝ በክሮም ላይ ማስታወቂያ የሚከለክል ተጨማሪ ፕሮግራም እንድትጭኚ የመከርሁሽ እኔ ነበርሁ። ያ ፕሮግራም ፎቶ አይቶ አይለይም፤ የሚያነበው የፋይሉን አድራሻ ነው። ማስታወቂያ የሚመስል ስም ካገኘ ፋይሉን እንዳይመጣ ያግደዋል። እኔ ደግሞ ፎቶዎቹን ደርድራ የምታሳየውን ትንሽ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ፊደል «ባነር» በሚል ማህደር ውስጥ አስቀምጫት ነበር፤ የሠርግሽ ባነር በልቤ ስለነበረ። እርሷ ስትታገድ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው ክሮም እንዲህ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ስለማይቀበል ለአጎታችን ተከፈተላቸው።

ይህን በግምት ብቻ አልተውሁትም። ያንኑ ፕሮግራም በራሴ ክሮም ላይ ጫንሁት፤ ገጹ ነጭ ሆነ። አጠፋሁት፤ አባባ ብቅ አሉ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በዚያ ሌሊት ብቻዬን አለቀስሁ።

የማህደሩን ስም ቀይሬዋለሁ። ነገር ግን ክሮም የቀድሞውን ገጽ ቅጂ አስቀምጦ ያንኑ እየመለሰ ሊያሳይሽ ይችላል። ስለዚህ ገጹን ከፍተሽ ኮንትሮልን ሳትለቂ ኤፍ 5ን ተጫኚ፤ ያን ጊዜ ቅጂውን ትቶ ከምንጩ እንደገና ያመጣዋል። አሁንም ነጭ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን አብረሽ ተጫኚ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ውስጥ፣ አንቺ ካልፈቀድሽላቸው በቀር ተጨማሪ ፕሮግራሞች አይሠሩም። እዚያ ከተከፈተ ወደ ዋናው መስኮት ተመለሺና ከአድራሻው ጎን ያለውን የከልካዩን ምልክት ነክተሽ ለዚህ ገጽ ብቻ አጥፊው። በሌላው ብራውዘር በፋየርፎክስም መሞከር ትችያለሽ፤ በክሮም ላይ የጫንሽው በራሱ ወደዚያ አይተላለፍም። ብቻ አንድ ሰው መጥቶ «ብራውዘሩ ያስቀመጠውን ሁሉ ደምስሰሽ እንደ አዲስ ጀምሪ» ቢልሽ እሺ አትበዪ። ለአንድ ገጽ ተብሎ ከከፈትሻቸው አካውንቶች ሁሉ ትወጫለሽ፤ የደንበኞችሽ ሥራም ይጉላላል።

ስለ ሠርግሽ ቀን ሳልነግርሽ ማለፍ አልፈልግም። የምሳው ግብዣ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነበር፤ እኔም ሥራ ላይ ነበርሁ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቤቱም ሙቀት አለው፤ ለእማዬ እንዲሁ ንገሪያት። ሰዓቴን አይቼ «አሁን ሙሽራው እጇን ይዟት ሊገባ ነው» አልሁ። አጠገቤ አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም «ሙሽራዬ» የሚለውን ዘፈን በከንፈሬ ዘፈንሁት። ወረቀቴ ቢያልቅልኝ ኖሮ አባባን ተክቼ የማስረክብሽ እኔ ነበርሁ። ይህን ስታነቢ ቸል ብሎኛል አትበዪኝ፤ ከፈለግሽ ተቆጪኝ እንጂ።

የእማዬ ደም ግፊት እንዴት ነው? መድኃኒቱን ታቋርጣለች ብለው አጎታችን ነግረውኛል። ደህና ነኝ ስትል አትመኛት፤ ለእናንተ ለማትረፍ ብላ ነው። ትናንት የላክሁት ገንዘብ ለመድኃኒቷ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ላይ ለእንግዳም ለእድርም አንድ ብር እንዳትነኩ። የተለካችውን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ በስልክ ፎቶ ላኪልኝ።

ገጹን ስትከፍቺ እማዬን አራት ኪሎ ድረስ አትጥሪያት፤ መንገዱ ያደክማታል። ባለቤትሽ ስልኩን ይዞ ቤት ይሂድላት። መጀመሪያ አሥራ ሰባተኛዋን ፎቶ አሳዩአት፤ አባባ በራችን ላይ የቆሙባትን። ከዚያ ደውዪልኝ። ሌሊትም ቢሆን፣ ሥራ ላይም ብሆን አነሣለሁ።

ለባለቤትሽ፣ ለአጎታችንና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ