ከዛፍ ወደ ዛፍ ለምትሻገሪው ወዳጄ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢሆነንም ናፍቆቱ አልቀነሰም። በጉዞሽ ላይ በዚፕላይን፣ ማለትም በዛፎች መካከል በተወጠረ የብረት ገመድ ተንጠልጥለሽ እየተንሸራተትሽ፣ ጫካ ልትሻገሪ እንዳሰብሽ፣ ነገሩም እንዳስፈራሽ ብሰማ ጊዜ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በመጀመሪያ ወገብሽንና ጭኖችሽን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ቀበቶ፣ የራስ ቁርና ወፍራም ጓንት ያስታጥቁሻል። ቀበቶው ቆመሽ ሳለ ቢጨንቅሽም አታላዪው፤ ስትንጠለጠዪ ሙሉ ክብደትሽን የሚሸከመው እሱ ነውና። ክብደትሽን ቢጠይቁሽ ቅር አይበልሽ፤ በአንድ ገመድ ላይ ከባድ ሰው ይፈጥናል፣ ቀላል ሰው ደግሞ መድረሻው ሳይደርስ ሊቆም ይችላል።

አስጎብኚዎቹ በአጭር ገመድ ሲያለማምዱሽ ከሁሉ አብልጠሽ ስለ ፍሬኑ የሚሉትን አድምጪ። በአንዳንድ ቦታ መድረሻው ላይ የተገጠመ መሣሪያ ያቆምሻል፤ በሌላው ግን በጓንትሽ መዳፍ ገመዱን ወደ ታች ተጭነሽ ፍጥነትሽን የምትቀንሺው ራስሽ ነሽ፤ ያን ጊዜ እጅሽ ምንጊዜም አንቺን ይዞ በገመዱ ላይ ከሚንከባለለው መዘውር በስተኋላ ይሁን፤ ከፊቱ ከሆነ መዘውሩ ጣቶችሽ ላይ ይወጣል። ገመዱን ቀድመሽ ተጭነሽ መሐል ላይ ብትቀሪ አትደንግጪ፤ ጀርባሽን ለመድረሻው ሰጥተሽ ገመዱን በሁለት እጅሽ እያፈራረቅሽ ራስሽን ትስቢያለሽ፤ ካቃተሽም አስጎብኚው መጥቶ ይወስድሻል።

ከፍ ባሉት መድረኮች ላይ ደግሞ ቀበቶሽን ከገመድ ጋር ከሚያያይዙት መንጠቆዎች አንዱ ሳይቆለፍ ሌላው መፈታት የለበትም። ይህን በዓይንሽ ተከታተዪ፤ ካልገባሽ ለመጠየቅ አትፈሪ። እንደኔ ከሁሉ የሚከብደው እግር መድረኩን የሚለቅበት ቅጽበት ነው። ክብደትሽ ቀበቶው ላይ ካረፈና መዘውሩ በብረቱ ላይ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ሰውነትሽ ራሱ ይለምደዋል፤ ጉልበትሽን ሰብሰብ አድርገሽ ወደ ኋላ ጋደል በዪ።

ግን ፍጥነቱ ብቻ እንዳይወስድሽ እለምንሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶናልድ ፔሪ የተባለ ባዮሎጂስት በኮስታ ሪካ ደን በገመድ እየወጣ የዛፎችን አናት ያጠና ነበር፤ ከመሬት ሆኖ የማይታይ ሕይወት እዚያ ላይ ስላለ ነው። አንቺም ጫካውን በደንብ የምታዪው እየተንሸራተትሽ ሳይሆን በመድረኩ ላይ ተራሽን ስትጠብቂ ነው፤ እርጥበት ባለው ደን ቅርንጫፉን የሸፈነውን አረንጓዴ የዛፍ ሽበት፣ በላዩም የበቀሉትን ፈርኖችና ኦርኪዶች ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ።

ሽፍን ጫማ አድርጊ፤ ፀጉርሽንም መዘውሩ እንዳይዘው አጥብቀሽ እሰሪ። መብረቅ ካለ ጉዞውን ያቆማሉ፤ ገንዘብ ከፍያለሁ ብለሽ አትከራከሪያቸው። ስትመለሺ የትኛው መድረክ ላይ ብዙ እንደቆየሽ ጻፊልኝ።

አክባሪ ወዳጅሽ