የተርቦ ጌጅ ዜሮው ከየት ይቆጠራል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሰሜን ሸዋ ዳገቶች ላይ የሚሠሩ ባለንብረቶች፣ በተለይም የናፍጣ ፒክአፕና የጭነት መኪና ያላቸው፣ የተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) ግፊት የሚያሳይ ተጨማሪ ጌጅ እየገዙ ዳሽቦርድ ላይ ማስገጠም ይወዳሉ። ጌጁ የሚመጣው ግን የተሠራበትን ገበያ መለኪያ ይዞ ነው፤ አንዱ በፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ አንዱ በባር፣ ሌላው በኪሎፓስካል ይናገራል። የሁለት መኪና ቁጥር ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀርብ «ያንተ ተርቦ ደክሟል፣ የኔ ደህና ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። የዚህ ክርክር ግማሹ በማባዛት የሚፈታ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ግን የመደመር ጉዳይ በመሆኑ የቱንም ያህል ቢያባዙት አይፈታም። ደብዳቤዬም በዋናነት ስለዚህ ስለሁለተኛው ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። 1 ባር 100 ኪሎፓስካል ሲሆን በፒኤስአይ 14.5 ገደማ ይሆናል። በአንዳንድ የቆዩ የጃፓን ጌጆች ላይ የሚታየው ኪሎግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ደግሞ 98 ኪሎፓስካል ወይም 14.2 ፒኤስአይ ነው፤ ከባር የሚያንሰው በ2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለሾፌር እንደ አንድ ቢቆጠር ጉዳት የለውም። ስለዚህ 0.9 ባር፣ 90 ኪሎፓስካልና 13 ፒኤስአይ አንድ ግፊት ናቸው። ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ «×100 ኪሎፓስካል» በሚሉት ጌጆች ላይ ነው። መርፌው 1 ላይ ሲቆም 100 ኪሎፓስካል ማለት ሲሆን፣ «×100» የሚለው ጽሑፍ ከመርፌው ሥር በደቃቅ ፊደል ስለሚታተም አቧራ የያዘ መስታወት ፈጽሞ ይሸፍነዋል። ከአካባቢው አየር በታች የሆነ ግፊት የሚነበብበት፣ ከዜሮ በስተግራ ያለው ክፍል ደግሞ በብዙ ጌጆች ላይ ሌላ አሃድ ይጠቀማል፤ እዚያ የሚነበበው የባዜቃ (የሜርኩሪ) ሴንቲ ሜትር ወይም ኢንች ሲሆን 1 ኢንች ባዜቃ 3.4 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በአንድ ጌጅ ላይ ሁለት አሃድ ማተም ለምን እንዳስፈለገ ለእኔ እስከ ዛሬ ግልጽ ባይሆንም፣ የግራው ክፍል ብዙ የሚያገለግለው ለቤንዚን ሞተር ስለሆነ የናፍጣ ሾፌር ቢተወው የሚጎድልበት የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልለፍ። ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠመው ጌጅ ዜሮ የሚለው በዙሪያችን ያለውን የአየር ግፊት ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካውና የመኪናው ኮምፒውተር የሚያነበው የማኒፎልድ ሴንሰር ግን ከፍጹም ባዶ፣ ማለትም አየር ጨርሶ ከሌለበት፣ ተነሥቶ ይቆጥራል። ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት ጌጁ ዜሮ ይላል፤ በስካነር ሲታይ ግን ሴንሰሩ 72 ኪሎፓስካል ገደማ ያሳያል። ያው መኪና ጂቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ወደ 101 ያሳይ ነበር። ሁለቱም መሣሪያዎች ትክክል ናቸው፤ ልዩነታቸው መነሻቸው ነው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ አንድ ጋራዥ የጎረቤቴን ፒክአፕ ሴንሰር «ከ100 በታች እያነበበ ነው፣ ሞቷል» ብሎ በአዲስ ቀየረው። አዲሱም ያንኑ 72 አነበበ፤ የሴንሰሩ ዋጋና የእጅ ሥራው ግን ተከፍሎ አልቆ ነበር።

የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንደሚቀንስ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስሙ ለፓስካል መለኪያ መጠሪያ የሆነው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ1648 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የእኅቱን ባል ባዜቃ የያዘ የብርጭቆ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም ወደተባለው ተራራ እንዲወጣ አደረገ፤ ከሥር እስከ ጫፍ ባለው ከፍታ ባዜቃው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ያው ሰው 1,280 ሜትር ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር ቢወጣ ኖሮ ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ሲል ያይ ነበር። በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሾፌር ይህን ሁሉ ልዩነት በአንድ ጉዞ ውስጥ ያልፋል።

በቁጥር እንየው። ሸዋ ሮቢት ላይ የአካባቢው አየር ግፊት 0.87 ባር ያህል ነው። አንድ የቆየ፣ ተርቦውን በኮምፒውተር የማይቆጣጠር የጭነት መኪና ጌጁ 0.9 ባር ላይ ቆሞ ዳገቱን ቢጀምር፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በፍጹም መለኪያ 1.77 ባር ይሆናል። ጣርማበር ሲደርስ መርፌው አሁንም 0.9 ላይ ነው እንበል፤ የአካባቢው አየር ግን ወደ 0.69 ባር ወርዷል፤ ድምሩም 1.59 ነው። የአየሩን ሙቀት ልዩነት ትተን ስናሰላ ሞተሩ የሚያገኘው አየር በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል ማለት ነው፤ መርፌው ግን ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ «ጌጁ ደህና ነው፣ መኪናው ግን ደከመብኝ፣ ጭሱም ጠቆረ» ብሎ ሲያማርር እውነቱን ነው። ተርቦውም በበኩሉ ሥራው በዝቶበታል፤ ታች ሳለ የአካባቢውን አየር በ2 እጥፍ ያምቅ የነበረው አሁን ያንኑ 0.9 ለማሳየት በ2.3 እጥፍ ማመቅ አለበት፤ ለዚህም በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል። በአንጻሩ ኮምፒውተሩ ፍጹሙን ግፊት ጠብቆ በሚሠራባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ የጎደለው የአካባቢ አየር እንዲካካስ ስለሚሞከር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጌጁ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ያየ ባለንብረት ተርቦው ከልክ አለፈ ብሎ ይደነግጣል።

አደጋው የሚመጣው ይህን ሳይለዩ መፍቻ ሲያነሡ ነው። የመኪናው መመሪያ ለምሳሌ «ከፍተኛው 210 ኪሎፓስካል ፍጹም» ብሎ ከሆነ፣ ይህ በደብረ ብርሃን ጌጅ ላይ ከ138 ኪሎፓስካል ወይም ከ20 ፒኤስአይ የሚያልፍ አይደለም። «ፍጹም» የምትለዋን ቃል የዘለለ መካኒክ ግን 210ን በቀጥታ ወደ ፒኤስአይ ያባዛና 30 ያገኛል፤ ከዚያም ጌጁ 30 አልደርስ ሲለው ትርፍ የሞተር ጭስ ከተርቦው ውጭ የሚያሳልፈውን የዌስትጌት ዘንግ ያጠብቃል። ማባዛቱ ትክክል ነው፤ መቀነስ የነበረበትን 72 ስላልቀነሰ ግን ተርቦው ያለ አቅሙ እንዲሽከረከር ፈረደበት። በእኛ ከፍታ ቀድሞውንም በፍጥነት የሚዞር ተርቦ እንዲህ ሲጠበቅ የሚጎዳው ዘንጉ የተቀመጠበት ኩሽኔታ ነው፤ ዘይት መጣል የሚጀምረውም ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱ ግን የሚወቅሰው የተርቦውን ጥራት ነው።

ጋራዦቻችን ትልቅ ወጪ ሳያስፈልጋቸው የሚያደርጉት ነገር አለ። በሥራ ደረሰኝ ላይ የተርቦ ግፊት ሲጽፉ ቁጥሩን ብቻ ከመተው ይልቅ አሃዱን፣ ከአካባቢ አየር ወይም ከባዶ የተቆጠረ መሆኑን፣ እንዲሁም የተለካበትን ከተማ ይጨምሩ። «0.9 ባር፣ በጌጅ፣ ሸዋ ሮቢት» የሚል መስመር ደብረ ብርሃን ላይ መኪናውን የሚቀበለውን ሌላ መካኒክ ከብዙ ግምት ያድነዋል። ጌጅ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ገዢው አሃዱን ጠይቆ እንዲወስድ ቢያሳስቡ መልካም ነው።

ጋዜጣችሁ የአሃድ መለወጫ ሠንጠረዥ ለማተም ቦታ ካለው፣ ከባርና ከፒኤስአይ አምዶች ጎን የከተሞችን የአየር ግፊት የሚያሳይ አንድ አምድ እንድታክሉበት እጠይቃለሁ፤ አዲስ አበባ 76፣ ደብረ ብርሃን 72፣ ሸዋ ሮቢት 87 ኪሎፓስካል ተብሎ በግምት ቢጻፍ ለጋራዥ ሥራ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን