ሌሊት የምትጮኸዋ ስሞክ ዲቴክተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ናችሁ ወይ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ባለፈው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የኮሪደሯ ስሞክ ዲቴክተር (ጭስ ሲኖር የምታስጠነቅቀዋ መሣሪያ) በየደቂቃው ጪጭ ስትል እማዬ ወፍ ገብቷል ብላ መጥረጊያ ይዛ ተነሳች። ባትሪ ሲደክም ነው እንዲህ የምትሆነው፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብስባታል፣ ከመብራት መስመር ጋር የተያያዘችዋም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ መጠባበቂያ ባትሪ አላት። አዲስ ባለ 9 ቮልት ከተትኩ፣ አሁንም ጪጭ! ባትሪዋን አውጥቼ የቴስት በተኗን (መሞከሪያ ቁልፏን) 15 ሰከንድ ያህል ተጫንኳት፣ አቧራዋን ጠረግኩ፣ እምቢ። ገልብጬ ሳያት ለካ የተሰራችው በፈረንጅ 2012 ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላ መቀየር ነበረባት፣ አዲስ ገዛሁ። እኔን የሚያናድደኝ ግን ቡና ስንቆላ ትጮሃለች እያልን ባትሪዋን አውጥተን የምንረሳው ነገር ነው፣ እኛም ቤት አንዴ ሁዳዴን ሙሉ ባዶዋን ከርማለች። መስኮት ከፍቶ መቁላት ምን ይከብዳል?

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ