መንጠቆ የሰቀልንበት ዓመት፦ የዓሣና ውኃ ክበብ ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «አንድ ገጽ ይብቃህ፣ ፎቶም ጨምርበት» ብለውኛል። ፎቶው አለ። ገጹ ግን አልበቃኝም፤ ይቅርታ።

እውነቱን ለመናገር ክበባችን የተቋቋመው ዓሣ ለመያዝ ነው። ጣና አቅራቢያ ወረታ አድጎ ጉማራ ወይም ርብ ወንዝ ወርዶ መንጠቆ ያልጣለ ወንድ ልጅ ብዙ አይገኝም፤ ሴቶቹም ቢሆኑ የታናሽ ወንድሞቻቸውን መንጠቆ ሳይሰርቁ አልቀሩም። «የተፈጥሮ ጥበቃ» የሚል ማስታወቂያ ብለጥፍ አራት ልጅ ይመጣልኝ ነበር። «የመንጠቆ ክበብ» ብዬ ለጠፍኩ፤ 31 ተመዘገቡ። ስሙን በኋላ አስተዳደሩ አስቀየረን።

የመጀመሪያው ጉዟችን ባለፈው ነሐሴ፣ ትምህርት ሳይከፈት ነበር። ፍልሰታ ተፈትቷል። ዝናቡ ጋብ ሲል ዘጠኝ ልጆች ይዤ ወደ ጉማራ ድልድይ ሄድኩ። ወንዙ ቡና በወተት መስሏል። አንዷ ልጅ ትል ቆፍራ በቲማቲም ጣሳ ይዛ መጥታለች። ከድልድዩ ራቅ ብሎ አንድ ትንሽ ገባር ወንዝ ይቀላቀላል፤ እዚያ ጋ ውኃው ጠራ ይላል። መንጠቆ ከጣልን ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ አንዲት ትልቅ ነጭ ዓሣ ወጣች። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። መንጠቆውን ለማውጣት ያዝ ሳደርጋት ከሆዷ ዕንቁላል ፈሰሰ።

አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ከዳር ቆመው ያዩናል። «መምህር፣ ልትወልድ የመጣችዋን ነው እኮ ያወጣችኋት» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «እኛም በዚህ ጊዜ መረብ እንዘረጋለን፣ አልዋሽህም። አንተ ግን አስተማሪ ነህ።»

ያስተማርኳቸው ባዮሎጂ ነው። ስለ መራባት በየዓመቱ ፈተና አወጣለሁ። ዓሣዋን ወደ ውኃው መለስናት፤ መንጠቆውን ውጣው ስለነበር ግን አልዋኘችም፤ በጎኗ ተንሳፍፋ ሄደች። ያን ቀን መንጠቆዎቹን ሰበሰብኩ።

ከመስከረም ጀምሮ የሠራነው ሥራ ሁሉ ከዚያች ዓሣ የመጣ ነው። ነጭ ዓሣ የምንላቸውን ሳይንሱ ላቤዮባርበስ ይላቸዋል። ጣና ውስጥ ከ15 በላይ ዝርያዎች አሏቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም፤ የላይኛዎቹ ለብቻቸው ተዘግተው ኖሩ። ከእነሱ የተወሰኑት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፦ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ። ሁሉም በአንድ ቀን አይሄዱም፤ አንዱ ዝርያ ቀደም፣ ሌላው ዘግየት ይላል። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ንጹሕና ፈሰስ የሚል ውኃ ነው። ዕንቁላሉ በደለል ከተሸፈነ አየር ያጥረውና ይሞታል። ለዚህ ነው ከዋናው ወንዝ ይልቅ ጠራ ያለውን ገባር የሚመርጡት። እኛም «ጎበዝ ቦታ አገኘን» ብለን የቆምነው እዚያው ማዋለጃ ክፍላቸው በር ላይ ነበር።

(አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «የትምህርት ቤታችን አጥር የተሠራበት ጠጠርስ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።)

በክረምት መጨረሻ ዓሣ በቀላሉ ይያዛል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ሰፊው ሐይቅ ውስጥ ተበትኖ የነበረው ሁሉ በአንድ ጠባብ ወንዝ አፍ በኩል ያልፋል። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣም አብሮ ይወስዳል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ከገቡ በኋላ በተደረገ ጥናት፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች በአሥር ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዱ፣ «አባቴም ድሮ ይህን ያህል ነበር ይላል» ብሎ እጁን ዘረጋ። አባቶች ሲያጋንኑ መስሎት ኖሯል። ጾሙም አለ። ፍልሰታ ነሐሴ መባቻ ላይ ስለሚውል የዓሣ ፈላጊው የሚበዛው ዓሣው በሚራባበት ሰሞን ነው። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቻለሁ።

ሕጉንም አንብበናል። ብዙ ሰው ሕግ መኖሩን አያውቅም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። በመርዝና በፈንጂ ማስገር ክልክል ነው። በመራቢያ ወቅት ወንዝና ወንዝ አፍ ላይ ማስገር ገደብ አለው። ልጆቹን በጣም ያስገረማቸው የብርብራ ዛፍ ጉዳይ ነው። ዘሩ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው መተንፈስ ያቅተውና ይንሳፈፋል። አያቶቻችን የሚያውቁት ብልሃት ነው። ብርብራ ግን ትልቅና ጫጩት አይለይም።

ኅዳር ላይ የመረብ ዓይን መለካት ተማርን። መረቡ ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ይለካል። ዓይኑ በጠበበ ቁጥር አንድም ጊዜ ያልወለደው ይያዛል። ያስለኩን አስጋሪዎች መጀመሪያ ከመንግሥት የተላክን መስሏቸው መረባቸውን ሊያሸሹ ነበር፤ ዩኒፎርም ያዳነን ያን ቀን ነው።

ጥር ላይ ደግሞ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ሰባት ትንንሽ ቀረሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ቤተ ሙከራ ውስጥ በመስታወት ገንዳ አስገባን። ገንዳውን የሞላሁት ከቧንቧ ነው። ክሎሪኑ እስኪለቅ ውኃውን አንድ ቀን ማሳደር ነበረብኝ። ጠዋት ስንመጣ ሰባቱም ሞተዋል። ሁለተኛውን ዙር ልጆቹ ራሳቸው ሞሉት፤ እኔን አላስጠጉኝም። እነዚያ ዛሬም አሉ።

አሁን ክረምት መጣ፣ ትበተናላችሁ፣ ወንዝም ትወርዳላችሁ። ስለዚህ የክበቡን ስምምነት ልጻፍላችሁ። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ወንዝና ወንዝ አፍ አንነካም። መንጠቆ ካማራችሁ ሐይቁ ዳር አምባዛ አለ። ውኃው ሲደፈርስ ነጭ ዓሣ ምግቡን አያይም፤ አምባዛ ግን በሪዙ እየዳሰሰና እያሸተተ ያገኘዋል። ሲመሽ፣ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ፣ ክሩ ታች ድረስ ይውረድ። እሱም ቢሆን በዝናቡ ሰሞን ጎርፍ የተኛበት ሣር ውስጥ ገብቶ ነው የሚራባው፤ እዚያ አትከተሉት። ቀረሶ ከያዛችሁ አፏን እዩ። እናቲቱ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው፤ ስትደነግጥ ትተፋቸዋለች። እንዲህ ያለችውን ወዲያው፣ እጃችሁን አርጥባችሁ መልሱ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኙት፤ ሲወጣ አይቀድም። ጎርፍ ባለበት ቀን ደግሞ ማንም ብቻውን አይሂድ፤ የጉማራ ዳር በነሐሴ ከሥር ተበልቶ ይናዳል።

የክበቡ መንጠቆዎች ቆጠራ፦ 26 ደህና፣ 4 የዛጉ፣ አንዱ ከዚያች ዓሣ ጋር ሄዷል። ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ከጥቅምት 15 በፊት የሚጠይቀኝ እንዳይኖር።