ከዱቲ ወጥተሽ መሪ አትያዢ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል። በስልክ ስነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው የምጽፍልሽ። ወንድምሽ ሁሉንም ነግሮኛል። ሆስፒታል ዱቲ አድረሽ ወደ ቤት ስትነጂ ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ፣ ከኋላሽ የነበረው መኪና በክላክስ ነው አሉ የቀሰቀሰሽ። ወንድምሽን እንዳትቆጪው፤ ደግ አደረገ።

ከዱቲ ወጥተሽ መሪ አትያዢ። 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ሲፈተን፣ ለመንዳት ከተፈቀደው በላይ እንደጠጣ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ማወቅሽ ግን ቀይ መብራቱ ላይ አላነቃሽም።

ፎቶው ሳሎን የተሰቀለው ወዳጄ ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት ታክሲ ይሠራ ነበር። አዲስ አበባ የጀመረውን ቤት ጣራ ለማልበስ ነበር ያ ሁሉ ጥድፊያ። ያን ዕለት ሊነጋጋ ሲል ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አገኘሁት፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «ቡና ጠጥቻለሁ፣ ምንም አልሆንም» አለኝ። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ መኪናው ከመንገድ ወጣ። የገጨው የለም፤ ፍሬንም አልያዘም። ሚስቱን ያረዳናት እኔና እናትሽ ነን። አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ እናትሽ ጀርባ ላይ ተኝተሽ ነበር። ቤቱን በኋላ አዋጥተን ጣራ አለበስነው፤ እሱ ግን አላየውም። ይኸው ስለ ጥናት ልጽፍልሽ ተነሥቼ እዚህ ገባሁ።

ከዱቲ መልስ መጽሐፍ አትግለጪ፣ ተኚ። የዋሽንግተን የታክሲ ፈተና ሲደርስብኝ መንገዱን ባነበው ባነበው አልያዝ አለኝ። እናትሽ ወረቀት ቆራርጣ ከፊት ጥያቄ፣ ከኋላ መልስ ጻፈችልኝ። ወጥ እያማሰለች «ከአይ ስትሪት ቀጥሎ?» ትለኛለች፤ «ኬ፤ ጄ የሚባል የለም» እላታለሁ። የሳትኩትን በማግሥቱ፣ ያወቅኩትን ከሳምንት በኋላ ትመልስብኛለች። አንቺ አንኪ የምትይው የካርድ ማጥኛ ፕሮግራምም ይኸው ነው። ግን ሰው ያዘጋጀውን የካርድ ክምር ልጨርስ ብለሽ አትታመሚ። ዛሬ ያየሽው በሽተኛ ላይ ያላወቅሽውን አንድ ነገር በጥያቄ ጻፊ፣ እሱን አንብቢ፣ በቃ። በትምህርታችሁ መካከል የምትፈተኑት የኢን-ትሬኒንግ ፈተና ራስሽን እንድትለኪበት የተዘጋጀ ነው፤ የዕረፍት ቀንሽን አትገብሪለት።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ባለፈው እሑድ አንዱን በሽተኛ በአልጋ ቁጥሩ ጠርተሽ «ደግሞ እሱ መጣብኝ» አልሽ። አንቺ ስለ ታመመ ሰው እንዲህ አትናገሪም ነበር። ልብሽ ደንድኖ አይደለም የኔ እናት፣ ታክቶሽ ነው። በርንአውት የምትሉት የሥራ መታከት አንዱ ምልክቱ ይህ መሆኑን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። የምታምኛትን ሲኒየር ሐኪም አነጋግሪ። ለራስሽም ሐኪም ያዢ፤ ቀጠሮውን በዚህ ሳምንት።

የሥራ ሰዓትሽን አሳንሰሽ መመዝገብሽንም ሰምቻለሁ። ይህን አልወደድኩትም! ቤት ወስደሽ የምትጽፊው የበሽተኛ ኖት እንኳ በሳምንት ከተፈቀደው 80 ሰዓት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ የ18 ዓመቷ ሊቢ ዛየን ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች፤ ያከሟት እንደ አንቺ ስፔሻሊቲ የሚማሩ፣ ብዙ በሽተኛ የተሸከሙ ሬዚደንት ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ሲድኒ ዛየን ጋዜጠኛ ነበር፤ ዝም አላለም። በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት የሬዚደንቶችን የሥራ ሰዓት ገደበ፣ በ2003 ገደቡ በመላው አገሪቱ ሆነ። ልጁን የቀበረ አባት የታገለለትን ሰዓት በውሸት አትሙዪው።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታችንን ጠይቄአለሁ፤ ዱቲ ላይ ስትሆኚ ምሳሽን ብዪ ብለዋል። እናትሽ ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ በፖስታ ልካለች። ዳቦ ቆሎውን ለጓደኞችሽ አትጨርሺው፤ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። የክሊቭላንድ ብርድ ሳይጠና የክረምት ጎማ አስገቢ፣ ገንዘቡን እልካለሁ።

ደግሜ እልሻለሁ፣ ከዱቲ ወጥተሽ መሪ አትያዢ። ለደከመ ሬዚደንት መተኛ ቦታና ወደ ቤት የሚያደርስ መጓጓዣ ማመቻቸት የፕሮግራሙ ግዴታ ነው፤ ውለታ አይደለምና ሳታፍሪ ጠይቂ። ከዘገየብሽ ኡበር ጥሪ፤ የእኔን ካርድ አስገቢበት፣ ስንት ሆነ ብለሽ አትጨነቂ። የመኪናሽን ቁልፍ ቤት ትተሽ ውጪ። ሐሙስ ዱቲ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ዓርብ ስትወጪ ከኋላ ወንበር ሆነሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ