የመጀመሪያ አቶማይዘራችሁን ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሱቃችን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። ደንበኛው ከዲስፔንሰሪ፣ ማለትም ከካናቢስ መሸጫ፣ ዋክስ ወይም ሮዚን የሚባለውን የካናቢስ ጭማቂ ገዝቷል፤ ባትሪ ከጓደኛው አግኝቷል፣ ወይም ቀድሞ ለካርትሪጅ (ዘይቱ ተሞልቶ ለሚሸጠው) የገዛው ቤቱ አለ። «እላዩ ላይ የሚገጠመውን ብቻ ስጡኝ፣ ጥሩውን» ይለናል። ጥሩው የቱ እንደሆነ ለመናገር ግን እኛም መልሰን የምንጠይቀው አለን። ሰው ሲበዛ ደግሞ ጨዋታው መሀል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ቆመን የምንናገረውን በጽሑፍ አደረግነው። የጻፍነው ዕድሜያቸው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነና እዚሁ ኮሎራዶ ለሚኖሩ ደንበኞቻችን ነው።

አቶማይዘር ማለት ዋክሱ የሚቀመጥበትና የሚግልበት ትንሹ ክፍል ነው። ባትሪው ኃይል ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለውም። ጣዕሙን፣ ጉሮሮ የሚቆጠቁጠውን ነገር፣ ሳይተን ተቃጥሎ የሚባክነውን ዋክስ ጭምር የሚወስነው አቶማይዘሩ ነው። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን ስክሪን ባለው ባትሪ ላይ ይጨርስና አቶማይዘሩን በተራፊ ሳንቲም ይገዛል። በእኛ አስተያየት ነገሩ መገልበጥ አለበት። አቶማይዘር ደግሞ አላቂ ዕቃ ነው፤ የቱንም ያህል ብትንከባከቡት አንድ ቀን ይቃጠላል። ስለዚህ የምትገዙት መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ መሆን አለበት። ሲቃጠል ሙሉ ዕቃውን እንደገና የሚያስገዛችሁ ከሆነ፣ ርካሽ የመሰለው ውድ ሆነ ማለት ነው።

አሁን አንዱን አንሡና ክዳኑን ፈትታችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ቀጫጭን የኳርትዝ ዘንጎች ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ከታያችሁ፣ ያ ክፍት ኮይል የሚባለው ነው። ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ካንታል፣ ማለትም የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ቲታኒየምም ይኖራል። ሽቦ ሳይታያችሁ ነጭ ክብ ሳህን ብቻ ካያችሁ፣ የማሞቂያው ሽቦ ሴራሚኩ ውስጥ ተቀብሯል። ሦስተኛው ጠለቅ ያለ የኳርትዝ ወይም የሴራሚክ ጽዋ ያለው ሲሆን፣ ማሞቂያው ከጽዋው በታች ወይም ዙሪያውን ነው። አንዳንዱ ጽዋ ለብቻው ወጥቶ ይታጠባል።

ክፍት ኮይል ቁልፉን እንደተጫናችሁ ወዲያው ይግላል፣ ደመናውም ወፍራም ነው። ቪዲዮ ላይ የምታዩት እሱን ነው። ችግሩ ያለው ሙቀቱ ላይ ነው። ማንኛውም ጠጣር ነገር በጨለማ ውስጥ ቀላ ብሎ መታየት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ሽቦው ፍም ሲመስል ካያችሁት እንግዲህ ከዚያ አልፏል። ለዋክሱ ጠረን የሚሰጡት ተርፒኖች ግን ይህን ያህል እሳት አይፈልጉም፤ ፓይኒን በ156፣ ሚርሲን በ167፣ ሊሞኒን በ176 ዲግሪ አካባቢ ይፈላሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተርፒኖች በጣም በጋለ ገጽ ላይ ሲያርፉ ተሰባብረው ሜታክሮሊን የተባለ ሳንባ የሚያስቆጣ ነገር እንደሚፈጥሩ፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ካንሰር አምጪው ቤንዚን እንደሚጨመርበት አሳይተዋል። መኪና ውስጥ ከምንጨምረው ቤንዚን ጋር እንዳታምታቱት፤ ይኼኛው ራሱን የቻለ የኬሚካል ስም ነው። በዝቅተኛ ሙቀት መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ወደ ሳንባ የሚገባን ነገር ጤናማ አያደርገውም። ይህን የምንለው ዕቃውን እየሸጥን መሆኑን ሳንረሳ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ የምንሰጠው ሽቦው የማይታየውን ነው፤ ከሁለቱም ጽዋ ያለውን እናስቀድማለን። ሴራሚክ እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፤ ለመጋል ጊዜ ይወስዳል፣ ከጋለ በኋላም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይበሳጭበታል። ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ይስባል፣ ምንም አይመጣለትም፣ ቮልቱን ከፍ ያደርጋል፣ ቀጥሎ የሚስበው ያረረ ነው። ኳርትዝ ጽዋ ፈጠን ይላል፣ ጣዕሙም ጥርት ያለ ነው፤ ግን ከወደቀ ይሰነጠቃል። ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ለሚይዝ ሰው ሴራሚኩ ይሻላል።

የምትገዙት ዋክስም ልዩነት አለው። ሻተር የሚባለው እንደ መስተዋት የሚሰበረው ዓይነት ሳህን ላይ ተቀምጦ ሲቀልጥ ወደ ዳር መሮጥ ይወዳል፤ ጥልቀት ያለው ጽዋ ይይዘዋል። በደር የሚባለው ለስላሳው በሁሉም ላይ እሺ ይላል። ሮዚን ያለ ኬሚካል ማሟሟቂያ፣ በሙቀትና በመጭመቅ ብቻ የሚወጣ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ያን ያህል ከፍላችሁ በቀላ ሽቦ ላይ ካሳረራችሁት ለምን ገዛችሁት?

ወደ ባትሪው እንምጣ። አቶማይዘሩ ላይ ወይም ማሸጊያው ላይ የተጻፈ የኦም ቁጥር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው ልክ፣ አለ። ቮልቱን በራሱ አባዙትና ለኦሙ አካፍሉት፤ የሚመጣው ዋት ነው። ባለ 1.2 ኦም አቶማይዘር በ2.4 ቮልት 4.8 ዋት ይወስዳል። በ3.2 ቮልት 8.5፣ በ3.7 ቮልት ደግሞ 11.4 ዋት ይሆናል። ቮልቱ በግማሽ ያህል ሲጨምር ኃይሉ ከእጥፍ በላይ እንደዘለለ አስተውሉ። «አንድ ደረጃ ብቻ ነው ከፍ ያደረግኩት» የሚል ደንበኛ ያረረ አቶማይዘር ይዞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ከዝቅተኛው ጀምሩ። የቁልፉ መብራት ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፣ አንዱ ጋ አረንጓዴ ዝቅተኛ ሲሆን ሌላው ጋ ሌላ ነው፤ ወረቀቱን ሳታነቡ በቀለም አትመኑ።

የኦሙ ቁጥር ዝቅ ሲል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ባለ 0.5 ኦም አቶማይዘር በ3.7 ቮልት ከ27 ዋት በላይ፣ በአምፔር ሲቆጠር ከ7 በላይ ይጠይቃል። ባለ 350 ሚሊአምፔር ሰዓት ቀጭን የብዕር ባትሪ ይህን አይችልም። ደህናው ባትሪ መብራቱን አብለጭልጮ ይጠፋል፤ መከላከያ የሌለው ግን ይግላል። እንዲህ ያለ አቶማይዘር ከፈለጋችሁ ዋት የሚቆጣጠር ትልቅ ባትሪ ያስፈልጋችኋል። ባትሪው ወጥቶ የሚቀየር 18650 ከሆነ፣ ማለትም 18 ሚሊሜትር ስፋትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ የላስቲክ ልባሱ የተቀደደ እንዳትጠቀሙ። ብቻውንም ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አትክተቱት፤ ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ እሳት ነው።

መገጣጠሚያውን በተመለከተ፣ አብዛኛው የብዕር ባትሪ 510 የሚባለው ጥርስ አለው፤ 7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነው። «510 ከሆነ ይገጥማል» ማለት ግን «አብሮ ይሠራል» ማለት አይደለም፤ ከላይ ያልነው የኦም ሒሳብ አለ። ስታስሩት ደግሞ እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው። በኃይል ካጠበቃችሁት የባትሪው መሀል ያለችው የብረት ነጥብ ወደ ውስጥ ትሰምጥና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ባትሪው ሞተ ተብሎ ከሚመጣልን ውስጥ ስንቱን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብለን አንሥተን መልሰናል። ቤታችሁ ስትሞክሩት ባትሪውን አጥፉት፤ ብዙዎቹ ቁልፋቸውን አምስት ጊዜ አከታትሎ በመጫን ይጠፋሉ።

አዲሱን አቶማይዘር ዋክስ ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን በዝቅተኛው ቮልት ለጥቂት ሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ አሙቁት፣ አትሳቡት። የፋብሪካ ቅባትና ሽታ ካለ ይለቃል። ከዚያ የግማሽ ሩዝ ፍሬ የምታህል ዋክስ መሀል ላይ አስቀምጡ። ዳሩን አትንኩ፣ ጥርሱ ላይም አታስነኩ። ክዳኑን ሳትገጥሙ ቁልፉን ተጭናችሁ ብታዩት ትምህርት ነው፤ ዋክሱ መጀመሪያ ጫፉ ይላላል፣ ከዚያ ግልጽ ሆኖ ይዘረጋል፣ ቀጥሎ ትናንሽ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሲጀምር ሙቀቱ በቂ ነው። ቶሎ ከጠቆረና ድምፁ ከተንጫጫ ቮልቱ በዝቷል። በዝግታ ሳቡ፤ በኃይል መሳብ የቀለጠውን ወደ አየር ቀዳዳው ይጎትተዋል፣ ከዚያ ወደ ባትሪው ይወርዳል።

መጠኑን የምንደጋግመው በሌላም ምክንያት ነው። ኮንሰንትሬት፣ ማለትም ዋክስን፣ ሻተርንና ሮዚንን የመሰለው ጭማቂ ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 በመቶ ቲኤችሲ (የሚያሰክረውን የካናቢስ ንጥረ ነገር) ይይዛል፤ ቅጠሉ ግን 20 በመቶ ገደማ ነው። ከቅጠል የመጣ ሰው በለመደው ልክ ከሳበ ልቡ ይመታል፣ ይፈራል። አንዴ ስባችሁ ቆዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ በኮንሰንትሬት ባትጀምሩ ደስ ይለናል፤ ሽያጩ ቢቀርብንም። እርጉዝና የምታጠባ ሴት አትጠቀም። ከመሪ ኋላም አትቀመጡ፤ በኮሎራዶ ሕግ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 5 ናኖግራም ቲኤችሲ ከተገኘ ፍርድ ቤት አሽከርካሪው ደንዝዞ ነበር ብሎ ሊገምት ይችላል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፣ ካላቆያችሁት። ገና ለብ እያለ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጽዋውን ጥረጉት፤ የቀረው ወርቃማ ከሆነ ደህና ሙቀት ላይ ናችሁ፣ ጥቁር ከሆነ ቮልቱን ቀንሱ። ከቆየና ከደረቀ 91 በመቶ ወይም 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ጥጡ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አጽዱ። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን ቁልፉን እንዳትነኩ፣ ይቀጣጠላል። ሴራሚኩን በመርፌ ወይም በቢላ አትፋቁት።

ዋክሱን ለማቅጠን ዘይት ወይም ሌላ ፈሳሽ የሚጨምሩ አሉ። አታድርጉት። በ2019 በመላው አሜሪካ የሰው ሳንባ ያቃጠለው ወረርሽኝ በአብዛኛው የተያያዘው ከመንገድ ላይ ከተገዛ የቲኤችሲ ካርትሪጅና ማወፈሪያ ሆኖ ከተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነበር። እስከ የካቲት 2020 ድረስ ሆስፒታል የገቡት ወይም የሞቱት 2,807 ሲሆኑ፣ ከነሱ 68ቱ ሞተዋል። የምትበሉት ቫይታሚንና የምታበስሉበት ዘይት ለሆድ እንጂ ለሳንባ አልተሠራም። ዋክሱንም ፈቃድ ካለው ዲስፔንሰሪ ብቻ ግዙ፤ ለአዋቂ የሚፈቀደው የኮንሰንትሬት ግዢ 8 ግራም ነው።

አሁን የምንጽፈው ስለ አቶማይዘር አይደለም፤ ግን ለሐበሻ ደንበኞቻችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልግ ይመስለናል። ኮሎራዶ የፈቀደውን የፌዴራል ሕግ አልፈቀደም፤ ኢሚግሬሽን የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት ስቴቱ ቢፈቅደውም የመልካም ጠባይ መስፈርትን ሊያሰናክልና የዜግነት ማመልከቻን ሊያስወድቅ እንደሚችል ገልጿል። በኢንዱስትሪው ውስጥ ተቀጥሮ መሥራትም ይጨመራል። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያልተቋጨ፣ ወይም ቪዛ ላይ ያላችሁ፣ ከእኛ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ጠበቃችሁን አነጋግሩ። ይህን ነግረነው ባዶ እጁን የተመለሰ ደንበኛ አለ፤ ደስ ብሎን ነው የሸኘነው።

አገር ቤት ለምትሄዱም እንዲሁ። አዲስ አበባም ዱባይም ካናቢስ ወንጀል ነው፤ በትራንዚት የምታልፉበት አገር ሕግ ሻንጣችሁን አይምርም። የተጠቀማችሁበት አቶማይዘር ጥርሱ ሥር የቀረ ቅሪት ስላለው «ባዶ ዕቃ ነው» ማለት አያወጣም። ቤት ትታችሁት ሂዱ። የዴንቨር አየር ማረፊያም በግቢው ውስጥ ማሪዋና መያዝን ከልክሏል። አዲስና ያልተነካ ባትሪ በአገር ውስጥ በረራ ከያዛችሁ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

«ዳላስ ላለችው እህቴ በፖስታ ላኩልኝ» ለምትሉን፣ አንችልም። በታኅሣሥ 2020 የወጣው ሕግና በጥቅምት 2021 ሥራ ላይ የዋለው የፖስታ አገልግሎቱ ደንብ የቬፕ ዕቃን፣ የካናቢሱንም ጭምር፣ ለግለሰብ በፖስታ መላክ ከልክሏል። ሱቅ መጥታችሁ፣ መታወቂያ አሳይታችሁ ትወስዳላችሁ፤ ፀጉራቸው የሸበተ አባቶችንም መታወቂያ እንጠይቃለንና አትቀየሙን።

ስትመጡ ያላችሁን ባትሪ ይዛችሁ ኑ። የምትገዙትን አቶማይዘር ከመክፈላችሁ በፊት ኦሙን በመለኪያ እናሳያችኋለን፤ ከተጻፈው ከ0.2 በላይ ከራቀ ሌላ እናወጣለን። ዋክስ የነካው አቶማይዘር በንጽሕና ምክንያት አይመለስም፤ ባትሪና ቻርጀር ግን ደረሰኙን ካመጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ እንቀይራለን። ያበጠ ወይም ያረጀ ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣሉ፤ ከበሩ በስተግራ ባለው ሣጥን አስቀምጡልን፣ እኛ እናስወግደዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች
አውሮራ፣ ኮሎራዶ